ከአዲስ አበባ እስከ ኮንሶ፦ የደቡቡን ዙር በዘጠኝ ቀን ለመጓዝ ዝርዝር መመሪያ

በ2016 ዓ.ም. መልካ ቁንጡሬና ባልጪት በዓለም ቅርስ መዝገብ ሲሰፍሩ ኢትዮጵያ ያስመዘገበቻቸው ሥፍራዎች 12 ደረሱ። ከአሥራ ሁለቱ ሦስቱ ማለትም መልካ ቁንጡሬ፣ ጢያና ኮንሶ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ በሚወርድ አንድ መስመር ላይ ይገኛሉ። በመሐላቸው የእንሰት አገር፣ የዶርዜ የቀርከሃ ቤቶች፣ የአባያና የጫሞ ሐይቆች አሉ። በመመለሻው መንገድ ደግሞ ሐዋሳና ላንጋኖ ይጠብቃሉ። ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይርቁ ይህን ያህል የተለያየ ነገር የሚታይበት ሌላ መስመር ማግኘት ይከብዳል።

በዚህ መስመር የሚሠራው ትልቁ ስሕተት ቦታ መርጦ ሰዓት አለመምረጥ ነው። ጢያ በቀትር የደረሰ ሰው የተቀረጸውን ምልክት በቅጡ አያየውም። ጫሞ ላይ ከሰዓት በኋላ የተሳፈረ ከነፋስና ከማዕበል ጋር ይታገላል። ዶርዜ ገበያ በማይውልበት ቀን የወጣ ግማሹ ይቀርበታል። ስለዚህ ከታች ያለው ዕቅድ የተሠራው እያንዳንዱ ቦታ ከሚታይበት ሰዓት ተነሥቶ ነው። ቀን መቀነስ ካለባችሁ ቦታ ቀንሱ እንጂ ሰዓቱን አታፋልሱ።

ወቅቱ

ደቡቡ የሰሜኑን የዝናብ አቆጣጠር አይከተልም። አርባ ምንጭና ኮንሶ ዋናውን ዝናብ የሚያገኙት ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሲሆን ሁለተኛው ዝናብ ከመስከረም እስከ ኅዳር መጀመሪያ ይመጣል። ክረምት ላይ አዲስ አበባ በዝናብ ስትታጠብ አርባ ምንጭ ላይ ፀሐይ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ወደዚያ የሚያደርሰው የጉራጌና የሀዲያ ደጋ በሐምሌና በነሐሴ ጭቃና ጉም ነው። ሁለቱም ጫፍ የሚመቸው ከኅዳር አጋማሽ እስከ የካቲት መጨረሻ ነው። ለገና እና ለጥምቀት ከውጭ የሚመጡ ወገኖችም የሚያገኙት ይህንኑ ጊዜ ነው፤ ግን በዚያ ሰሞን የአርባ ምንጭና የሐዋሳ ሆቴሎች ቶሎ ስለሚሞሉ ክፍል ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ይያዝ።

በሚያዝያና በግንቦት መሄድ ግድ ከሆነ ወደ ዶርዜ የሚወጣውን ዳገት ዝናብ እየዘነበ አትጀምሩት። የጋሞና የጎፋ ተራሮች ቁልቁለት የበዛባቸው ናቸው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን የደረሰውና የብዙ ሰው ሕይወት የቀጠፈው የመሬት መንሸራተት ዝናብ የጠገበ ተዳፋት ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ለሁላችንም አሳይቷል።

የመነሻ ቀን፦ እሑድ

እሑድ ተነሡ። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ እሑድ ጠዋት ከአዲስ አበባ በዓለም ገና በኩል መውጣት ቀላል ነው። ሁለተኛ፣ አምስተኛው ቀን ሐሙስ ላይ ይውላል፤ የዶርዜ ገበያ ደግሞ ሰኞና ሐሙስ ነው። እሑድ ካልተመቻችሁ ማክሰኞ ተነሡና አምስተኛውን ቀን ቅዳሜ አድርጉት፤ ቅዳሜ ከዶርዜ ትንሽ አለፍ ብላ የምትገኘው ጨንቻ ትገበያለች፤ የጨንቻ ሌላው የገበያ ቀን ማክሰኞ ነው።

መኪና፣ ነዳጅ፣ ገንዘብ

ዙሩ መታጠፊያዎቹን ጨምሮ ወደ 1,300 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር የምትበላ መኪና 130 ሊትር ያህል ትፈልጋለች ማለት ነው። ነዳጅ ሁልጊዜ በሁሉም ከተማ አይገኝም፤ ሰልፉም ረጅም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሕጉ አንድ ነው፦ ጋኑ ግማሽ ሲደርስ ሙሉ። ሆሳዕና፣ ሶዶና አርባ ምንጭ ላይ ማደያ ካያችሁ አትለፉ። ወደ ኮንሶ ከመውጣታችሁ በፊት አርባ ምንጭ ላይ ሙሉ ማድረግ ግዴታ ነው ብላችሁ ያዙት።

ዋናው መንገድ አስፋልት በመሆኑ የቤት መኪና ይበቃዋል። ከፍ ያለ መኪና የሚያስፈልገው ወደ ነጭ ሳር ፓርክ ውስጥ ለመግባትና በኮንሶ መንደሮች መካከል ለመዘዋወር ነው። መኪና የምትከራዩ ከነሾፌሩ ተከራዩ፤ ውል ላይም የሾፌሩ አበልና ማደሪያ፣ ነዳጁ በማን እንደሆነና በቀን የተፈቀደው ኪሎ ሜትር ተለይቶ ይጻፍ። ጭቅጭቅ የሚነሣው ከእነዚህ በአንዱ ነው፤ ያውም መንገድ መሐል ላይ። ሁለት ትርፍ ጎማ ካልተቻለ አንዱን ትርፍ ጎማ ራሳችሁ ነፋሱን ነክታችሁ አረጋግጡ፤ ክሪክና የጎማ መፍቻ መኖሩንም ተመልከቱ።

በሕዝብ ማመላለሻ የሚሄድ ሰው መንገዱን በቁራጭ ይሥራው፤ ከአዲስ አበባ ቡታጅራ፣ ከቡታጅራ ሆሳዕና፣ ከሆሳዕና ሶዶ፣ ከሶዶ አርባ ምንጭ። የመጀመሪያው መኪና ጠዋት 12 ሰዓት ገደማ ሞልቶ ይወጣል፤ ከሰዓት በኋላ ግን መናኸሪያው ሊቀዘቅዝ ይችላል። ጊዜ ያጠረው በአውሮፕላን አርባ ምንጭ ገብቶ ከዚያ በመኪና ሊመለስ ይችላል።

ገንዘብ በሞባይልና በካርድ በከተሞቹ ይሠራል፤ ለመንደር አስጎብኚ፣ ለጀልባና ለገበያ ግን ጥሬ ብር ያስፈልጋል። ዝርዝሩ ይብዛ። የመግቢያ ዋጋ ለኢትዮጵያዊና ለውጭ ዜጋ ስለሚለያይ መታወቂያችሁን፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊ ቢጫ ካርድ ያላችሁም ካርዳችሁን በእጃችሁ ያዙ። ለከፈላችሁት ሁሉ ደረሰኝ ጠይቁ፤ ያለ ደረሰኝ የተከፈለ ገንዘብ ወደ መንደሩ ሣጥን አይገባም።

ልብስ ላይ የሚሳሳት ብዙ ነው። አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ቆላ ሲሆን ዶርዜ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። በአንድ ሰዓት መንገድ ከቲሸርት ወደ ጋቢ ትሻገራላችሁ። ለአርባ ምንጭ፣ ለኮንሶና ለሐዋሳ ሌሊት አጎበርና የትንኝ መከላከያ ቅባት ያስፈልጋል፤ የወባ አካባቢ ነው። መከላከያ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ አንዳንዱ ከጉዞው በፊት የሚጀመር ስለሆነ ሐኪማችሁን ቀድማችሁ አማክሩ። በተለይ ደጋ ያደገና ከውጭ የመጣ ሰው ወባን መናቅ የለበትም።

የመንገዱን ሰላም በተመለከተ፣ በኮንሶና በአጎራባቾቹ ባለፉት ዓመታት ግጭቶች ነበሩ። በየቀኑ ማታ የነገውን መንገድ የሆቴሉን እንግዳ ተቀባይና ከዚያ አቅጣጫ የመጣ ሾፌር ጠይቁ። ሁለቱ ካልተስማሙ ጠንቀቅ ያለውን እመኑ።

ቀን 1፦ መልካ ቁንጡሬ፣ አዳዲ ማርያም፣ ጢያ

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከአዲስ አበባ ውጡ። 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዳችሁ የአዋሽን ድልድይ ስታገኙ መልካ ቁንጡሬ ደርሳችኋል። ቦታው ለምርምር የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። ከ1.7 ሚሊዮን ዓመት በላይ የቆዩ የድንጋይ መሣሪያዎች የተገኙት እዚህ ነው። በሣር ክዳን ጎጆዎች ውስጥ የተደራጀውን ሙዚየም በቅደም ተከተል ተመልከቱ። ቀድመው የተሠሩት መሣሪያዎች በሁለት ሦስት ምት የተፈለጡ ሻካራ ድንጋዮች ናቸው፤ ወደ ኋለኛው ዘመን ሲደርሱ ሁለት ጎናቸው ተመሳሳይ የሆነ፣ መዳፍ ላይ የሚቀመጡ የእጅ መጥረቢያዎች ይሆናሉ። ጥቁሩ፣ መስተዋት የሚመስለው ድንጋይ ባልጪት ነው፤ እሳተ ገሞራ የተፋው፣ ሲፈለጥ እንደ ምላጭ የሚሳል። መሬት ላይ ስብርባሪ ብታዩ አንሥታችሁ ኪስ አትክተቱ። ለተመራማሪ ዋጋ ያለው ድንጋዩ የወደቀበት ቦታ ጭምር ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል።

ከመልካ ቁንጡሬ ወደ ምዕራብ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ገባ ብሎ አዳዲ ማርያም አለች፤ ከአለት የተፈለፈለች፣ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ታናሽ እኅት የምትባል። እሑድ ከሆነ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ድረሱ፤ ቅዳሴው ያበቃል። ጫማ ይወልቃል። ወፈር ያለ ካልሲ አድርጉ፤ ምንጣፉ ላይ ቁንጫ አይጠፋም። ነጠላ የሌላት እኅት ከመኪና ስትወርድ ሻሽ ይኑራት። ውስጡ ጨለማ ስለሆነ ዓይናችሁ እስኪለምድ ሁለት ደቂቃ ቁሙ። የፎቶ ብልጭታ አታብሩ።

ምሳ በልታችሁ ወደ ጢያ ስትሄዱ ሰዓቱ ከቀኑ 9፡30 ገደማ ይሁን። ይህ ሰዓት ዝም ብሎ የተመረጠ አይደለም። ጢያ ላይ 36 ትክል ድንጋዮች አሉ፤ 32ቱ የተቀረጹ ናቸው። ቅርጾቹ ጥልቀት የላቸውም፤ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ጥላ ስለማይኖር ከድንጋዩ ጋር ይመሳሰላሉ። ፀሐይ ዘንበል ስትል ግን ሰይፎቹ፣ ክቦቹና ቅጠል መሰል ምልክቶቹ አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ። አንዱን ድንጋይ ምረጡና ከፊት ለፊቱ ሳይሆን ከጎኑ ቆማችሁ ተመልከቱት፤ ሰይፎቹ ጫፋቸው ወዴት እንደሚያመለክት፣ ስንት እንደሆኑ ቁጠሩ። ድንጋዮቹ የመቃብር ምልክት ናቸው። ከሥራቸው በተደረገው ቁፋሮ እግራቸው ታጥፎ የተቀበሩ ሰዎች አጽም ተገኝቷል። የምልክቶቹ ትርጉም በአብዛኛው አልተፈታም፤ ስለዚህ እርግጠኛ ሆኖ ሁሉንም የሚተረጉምላችሁን አስጎብኚ እንደ አንድ አስተያየት ስሙት። በድንጋዮቹ መደገፍ፣ መቀመጥ፣ ጠመኔ መቀባት ክልክል ነው።

11 ሰዓት ላይ ጨርሱና 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድታችሁ ቡታጅራ እደሩ። እራት ክትፎ ነው፤ አገሩ ነውና ከቆጮና ከአይብ ጋር እዘዙ።

ቀን 2፦ ወደ ወላይታ ሶዶ

ይህ ቀን የመንገድ ቀን ነው፤ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከቡታጅራ እንደወጣችሁ ሐረ ሸይጣን ላይ ቁሙ። በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ አረንጓዴ ሐይቅ ነው፤ ከላይ ሆኖ ማየት ይበቃል። ዳርቻው ቀጥ ያለና የሚንሸራተት ስለሆነ ልጆችን በእጅ ያዙ፤ ወደ ውኃው ለመውረድ አትሞክሩ።

ሆሳዕና ላይ ምሳ ስትበሉ አተካና ካገኙላችሁ ቅመሱ፤ የሀዲያ የክብር ምግብ ነው፤ በቅቤ የራሰ ስለሆነ ትንሹ ይበቃል። ከሆሳዕና ወደ ሶዶ ስትወርዱ ከአረካ አካባቢ ገባ ብሎ የአጆራ መንታ ፏፏቴ አለ። ከክረምት ማግስት እስከ ጥቅምት ግሩም ነው፤ በየካቲት ግን ውኃው ቀጭን ስለሚሆን በዚያ ወቅት ቢቀር አያስቆጭም።

ሶዶ እደሩ። የሐላላ ኬላን የመዝናኛ ሥፍራ ማየት የሚፈልግ ከዚህ ወደ ዳውሮ አቅጣጫ ይገነጠላል፤ ግን አንድ ቀን ተኩል ይጨምራል።

ቀን 3፦ አርባ ምንጭ መግባት

ከሶዶ አርባ ምንጭ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ በአባያ ሐይቅ ጎን ስለሚወርድ በግራ በኩል ቀይ ቡኒ ውኃ ታያላችሁ። አባያ ከጣና ቀጥሎ ከአገሪቱ ሐይቆች ሰፊው ነው፤ ቀለሙ የመጣው ወንዞች ይዘውት ከሚገቡት ደለል ነው። ጎረቤቱ ጫሞ ጠራ ያለ ሰማያዊ ነው። ሁለቱን የሚለየው ተረተር የእግዜር ድልድይ ይባላል።

ከሰዓት በኋላ ዕረፉ። 10 ሰዓት ላይ ሁለቱ ሐይቆች አብረው ወደሚታዩበት ገደል አፋፍ ውጡ፤ ቡና ይዛችሁ ፀሐይ እስክትጠልቅ ቁጭ በሉ። ከተማዋን ስሟን የሰጧት ምንጮች ከገደሉ ሥር ባለው ጥቅጥቅ ደን ውስጥ ናቸው፤ ሲወጡ ዳገት ስለሆነ ጠዋት ይሻላል። ጦጣና ዝንጀሮ ከእጅ ላይ ምግብ ይነጥቃል፤ ከረጢት ዝጉ።

እራት አሳ ነው። ጥብስ፣ ጉላሽ፣ ለብለብ፣ ዱለት ሁሉም አለ። አምባዛ ወፍራም ሥጋ ስላለው አጥንት ለማይወድ ይመቻል፤ ቆሮሶ ሙሉውን ተጠብሶ ከዳጣ ጋር ይጥማል።

ቀን 4፦ ጫሞ

ጀልባ ላይ ጠዋት 1 ሰዓት ተሳፈሩ፤ ከ5 ሰዓት በፊት ተመለሱ። ምክንያቱ ሁለት ነው። አዞ ደሙ ቀዝቃዛ ስለሆነ ጠዋት ከውኃ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል፤ የአዞ ገበያ የሚባለው ዳርቻ በዚያ ሰዓት ሞልቶ ይታያል። ሌላው ነፋሱ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ይነሣል፣ ጀልባዋ ትዘላለች፣ የሚረጨው ውኃ ካሜራም ሰውም ያርሳል።

ከመሳፈራችሁ በፊት ይህን ቅደም ተከተል ጠብቁ፦

1. ጀልባውን በጀልባ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በኩል ያዙ፤ መንገድ ላይ ከሚጠራችሁ ደላላ አትዋዋሉ። ዋጋው በሰው ነው ወይስ በጀልባ የሚለውን አስቀድማችሁ ለዩ።
2. የሕይወት አድን ጃኬቶቹን ቁጠሩ። ሰው ስድስት፣ ጃኬት አራት ከሆነ ሁለት ሰው ይቀራል ወይም ሌላ ጀልባ ይመጣል። ማሰሪያው የተበጠሰ እንደሌለ ይቆጠራል። ልጅ ካለ ለልኩ የሚሆን መኖሩን እዩ።
3. መቅዘፊያ መኖሩንና ነዳጁን ጠይቁ። ሞተር መሐል ሐይቅ ላይ ሊጠፋ ይችላል።
4. ከተሳፈራችሁ በኋላ እጅ ውኃ ውስጥ አይገባም፤ ፎቶ ለማንሣት ሁላችሁም በአንድ ጎን አትነሡ።

አዞው ከዳር ሲታይ ግንድ ይመስላል፤ አፉን ከፍቶ ፀጥ ብሎ ይተኛል። ጀልባዋ ስትጠጋ መጀመሪያ ትንንሾቹ ወደ ውኃ ይገባሉ፤ ትልቁ የሚነሣው መጨረሻ ነው፤ ሲነሣ ግን ያን ሁሉ ርዝመት ይዞ በሆዱ ተንሸራቶ ድምፅ ሳያሰማ ይሰምጣል። ከዚያ በኋላ የት እንዳለ አይታወቅም። ይህን አንዴ ያየ ሰው እጁን ውኃ ውስጥ ለመክተት አይፈተንም።

ከአዞው ይልቅ ባለ ጀልባዎቹ የሚፈሩት ጉማሬን ነው። ግልገል ያላት ጉማሬ ጀልባ ልትገለብጥ ትችላለች። ጆሮና አፍንጫ ብቻ ሲታያችሁ ነጂውን «ጠጋ በል» አትበሉት፤ ርቀቱን እሱ ያውቃል። ከቀላል እንጨት በተሠራ ታንኳ ላይ ቁጭ ብለው በእነዚሁ አራዊት መካከል መረብ የሚጥሉ ዓሣ አጥማጆች ታያላችሁ፤ ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት እጅ አውጥታችሁ ሰላም በሏቸው።

ከሰዓት በኋላ ከፍ ያለ መኪና ያለው ወደ ነጭ ሳር ፓርክ ይግባ። ሜዳው ላይ የሜዳ አህያ አለ። መንገዱ ድንጋያማና አዝጋሚ ነው፤ ጭቃ ካለ ግን አይሞከርም፤ በዚያ ፈንታ የአዞ እርባታው አለ።

ቀን 5፦ ዶርዜ

ከአርባ ምንጭ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግን ከ1,200 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው። ስትወርዱ ፍሬን ሳይሆን ማርሽ ይያዝ፤ በሁለተኛ ማርሽ ውረዱ። ፍሬን እየረገጠ የወረደ ሰው መሐል ላይ የጎማ ሽታ ይሸተዋል፤ ያኔ ቆሞ ማቀዝቀዝ ነው፤ የጋለ ፍሬን ላይ ውኃ አይደፋም።

በመንገዱ ዳር መኪና እየተከተሉ የሚጨፍሩና የሚገለባበጡ ሕፃናት አሉ። ብር አትወርውሩላቸው። መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፤ ለአንድ ብር ሲሉ ጎማ ሥር ይገባሉ። መስጠት የፈለገ ለትምህርት ቤቱ ደብተር ይስጥ።

ዶርዜ ስትደርሱ አስጎብኚ በአስጎብኚዎቹ ማኅበር በኩል ያዙና በቤቶቹ ጀምሩ። ቤቱ ከላይ እስከ ታች በቀርከሃ እንደ ቅርጫት የተሠራ ነው፤ አዲሱ ቁመቱ እስከ 12 ሜትር ይደርሳል። ፊት ለፊቱ ላይ ያሉት ሁለት ቀዳዳዎችና ወጣ ያለው በር የዝሆን ፊት ይመስላል። ምስጥ ሥሩን ሲበላው ቤቱ አይፈርስም፤ የተበላው ይቆረጣል፣ ቤቱም ዝቅ ይላል። ስለዚህ የቤቱን ዕድሜ በቁመቱ ትገምታላችሁ፤ አጭሩ አሮጌው ነው። ቦታ መቀየር ሲያስፈልግም ሰው ተሰብስቦ ቤቱን እንዳለ ያነሣዋል።

ቀጥሎ እንሰት ነው፤ እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ። ሴትየዋ የእንሰቱን ግንድ ቅርፊት ሰንጥቃ ተዳፋት ላይ ባለ ጣውላ ላይ ታጋድመዋለች፤ በእግሯ ረግጣ ይዛ በተሰነጠቀ ቀርከሃ ከላይ ወደ ታች ትፍቀዋለች። ነጩ ሥጋ ይወርዳል፣ በእጇ የሚቀረው ቃጫ ገመድ ይሆናል። የተፋቀው ተጨምቆ ውኃው ሲጠልል ታች የሚረጋው ቡላ ነው። ቀሪው በኮባ ተጠቅልሎ ጉድጓድ ውስጥ ለወራት ይብላላል። ጉድጓዱ አየር ካስገባ ይበላሻል፤ ለዚህ ነው ኮባው ተደራርቦ ድንጋይ የሚጫነው። ሲወጣ ይቦካል፣ በኮባ መሐል ተዘርግቶ ምጣድ ላይ ይጋገራል፤ በዳጣና በማር ትበሉታላችሁ። ዳጣው ከሚመስለው በላይ ያቃጥላል፤ በትንሹ ጀምሩ።

ሽመናው የወንዶቹ ነው። ሽሮ ሜዳ ላይ የምንገዛው ሸማ ብዙው የዚህ ሕዝብ እጅ ውጤት ነው። ቡሉኮ ወይም ጋቢ ስትገዙ ገልብጣችሁ መሐሉን እዩ። የእጅ መሸመኛ ጠባብ ስለሆነ ሰፊው ጨርቅ ጎን ለጎን ከተሰፉ ቁራጮች ይሠራል፤ መሐሉ ላይ ስፌት ከሌለው የፋብሪካ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ክሩን በጣታችሁ ዳብሱ። ድሩ የፋብሪካ ክር፣ ማጉ የእጅ ፈትል ሲሆን ማጉ አንድ ቦታ ወፈር፣ አንድ ቦታ ቀጠን ይላል፤ ያ ጉድለት ሳይሆን ሙቀቱን የሚሰጠው እሱ ነው። ሸማኔው ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ ስንት ቀን እንደፈጀበት ከጠየቃችሁ በኋላ ዋጋ ለማውረድ እጃችሁ ይከብዳል፤ ቢከብድም ተገቢ ነው።

ገበያው የሚደምቀው ከ5 ሰዓት በኋላ ነው።

ቀን 6፦ ኮንሶ

ከአርባ ምንጭ እስከ ኮንሶ ዋና ከተማ ካራት 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ካራት እንደገባችሁ ወደ ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሂዱ፤ ክፍያና አስጎብኚ ከዚያ ነው። ሳይመዘገቡ መንደር መግባት ሽማግሌዎቹን ማስቀየም ነው።

የኮንሶ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2011 የተመዘገበው ለእርከኑና በግንብ ለታጠሩት መንደሮቹ ነው። የእርከኑ የድንጋይ ግድግዳ አንዳንድ ቦታ እስከ 5 ሜትር ይደርሳል፤ ያለ ጭቃና ያለ ሲሚንቶ በድርድር ብቻ የቆመ። ሥራው ሦስት ነው፦ አፈር መያዝ፣ ውኃ ማስቀረት፣ የተረፈውን ማሳለፍ። ለዚህ ተብለው የተተዉ ቀዳዳዎችን አስጎብኚው እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። በእርከኑ ላይ ለመሄድ ግድግዳው አናት ላይ አትርገጡ፤ አንድ ድንጋይ ከተነቀለ የሚቀጥለው ዝናብ የቀረውን ይወስደዋል፤ የሚጠግነውም ገበሬው ነው።

ጋሞሌን ወይም መቸቄን ምረጡ፤ ሁለቱንም በአንድ ቀን ማየት ድካም እንጂ ትርፍ የለውም። መንደሮቹ ከአንድ እስከ ስድስት ዙር በሚደርስ የድንጋይ ግንብ የታጠሩ ናቸው። በሩ ጠባብ፣ መተላለፊያው ሰው በሰው የሚያልፍበት ነው። መሐል ላይ ሞራ የሚባለው የጋራ ቤትና አደባባይ አለ፤ ወጣቶች መንደሩን ሲጠብቁ የሚያድሩበት፣ ሽማግሌዎች የሚመክሩበት። አጠገቡ የቆሙት ረጃጅም እንጨቶች ትውልድ ሲተካ የሚተከሉ ናቸው፤ እንጨቶቹን በመቁጠር የመንደሩን ዕድሜ ያሰላሉ። ጎረምሳ ለአቅመ አዳም መድረሱን በማንሣት የሚያሳይበት ክብ ድንጋይም እዚያው ነው። ሞክሩ ቢሏችሁ ወገባችሁን አስቡ።

ዋካ የሚባሉት የእንጨት ሐውልቶች ለጀግናና ለባላባት መቃብር የሚቆሙ ናቸው። ብዙዎቹ ተሰርቀው ለጎብኚ ተሸጠዋል። አሮጌ ነው ተብሎ የሚቀርብላችሁን ዋካ በምንም ዋጋ አትግዙ፤ የሰው አባት መቃብር ነው። የተመለሱትን ካራት ሙዚየም ውስጥ ማየት ትችላላችሁ።

10 ሰዓት ሲሆን ገሰርጊዮ ሂዱ። ጎርፍ የሸረሸረው ቀይ አሸዋ እንደ ፎቅ ተደርድሮ ስለቆመ ኒውዮርክ ብለውታል። ዘንበል ያለ ፀሐይ ቀለሙን ያደምቀዋል። ጫፉ ላይ አትቁሙ፤ ከሥሩ የተቦረቦረ ነው።

እራት ላይ ከሽፈራው ቅጠል ጋር የሚሠራውን ኩርኩፋ ጠይቁ። ጨቃ የሚባለው የማሽላ መጠጥ ሞቅ ተደርጎ በቅል ይቀርባል፤ ሆድ ይሞላል።

ቀን 7፦ ረጅሙ መመለሻ

ከካራት ሐዋሳ በአርባ ምንጭና በሶዶ በኩል ከ360 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ጠዋት 12 ሰዓት ተነሡ። ካርታ ላይ በያቤሎና በዲላ በኩል የሚያልፈው መንገድ ይማርካል፤ ረጅም ነው፣ የጸጥታውም ሁኔታ ይለዋወጣልና ለቤተሰብ ጉዞ አንመክረውም። ሀላባ ቁሊቶ ላይ ግድግዳቸው በሥዕል ያጌጡ ቤቶችን ታያላችሁ፤ አሥር ደቂቃ ቁሙላቸው። ከመሸ አትንዱ። በዚህ መንገድ ላይ መብራት የሌለው ጋሪ፣ ከብትና ባጃጅ አብሮ ይሄዳል።

ቀን 8 እና 9፦ ሐዋሳና የሐይቆቹ መንገድ

ሐዋሳ ላይ አንድ ሙሉ ቀን ዕረፉ። አሞራ ገደል የአሳ ገበያ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ነው፤ ጀልባዎቹ ሲገቡ፣ ልጆች አሳ ሲሰነጥቁ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ትርፍራፊ ሲጠብቁ። ጥሬ አሳ በዳጣ ይበላል፤ የጥገኛ ትል ሥጋት ስላለው ለልጅና ለነፍሰ ጡር አይሁን፣ የተጠበሰው እዚያው አለ። ማታ በሐይቁ ዳር በእግር መሄድ ነው።

በመጨረሻው ቀን አብያታ ሻላ ላይ ስትቆሙ መኪናውን ወደ አብያታ ውኃ ዳር አትንዱት። ሐይቁ ሸሽቶ የተወው መሬት ከላይ የደረቀ ይመስላል፤ ከሥሩ ጭቃ ነው፤ አንዴ የገባ መኪና በሰው ጉልበት አይወጣም። ርቀቱን በእግር ሂዱት። ዋና የሚያምራችሁ ላንጋኖ ላይ ዋኙ፤ ውኃው ቡኒ ቢሆንም ከቢልሃርዚያ ነጻ በመሆን የታወቀው እሱ ነው። ከባቱ (ዝዋይ) በኋላ እስከ ሞጆ በፈጣን መንገዱ ግቡ፤ ሰኞ ከሰዓት 10 ሰዓት በፊት ቃሊቲ ከደረሳችሁ የሠራተኛ መውጫ መጨናነቅ አያገኛችሁም።